የቀኝ እጅ ጓንት

ጤናዬ ስትነቃ ልጇ ውዳሴ ቁም ሳጥኑ በር ላይ ባለው መስታወት ፊት፣ የመጥረጊያውን እንጨት በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ጉልበቷን ሰበር አድርጋ ቆማ ነበር። ቤት ልትጠርግ አይደለም። ጤናዬ ይህን ነገር ሁለት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት ስታየው ከርማለች። ግራ እጅ ከላይ፣ ቀኝ እጅ ከታች፣ የቀኙ ትንሿ ጣት በግራው ጣቶች መሃል ሰርጋ ትገባለች፣ ሁለቱ አውራ ጣቶች እንጨቱን ተከትለው ይተኛሉ። የጎልፍ ዱላ የሚያዘው እንዲህ ነው አሉ። ጤናዬ ጎልፍ የሚባለውን ጨዋታ በቴሌቪዥን እንኳ ቁጭ ብላ አይታው አታውቅም፤ አያያዙን ግን ልጇ ለራሷ ስታነበንበው ሰምታ እንደ ዳዊት በቃሏ ይዛዋለች። ውዳሴ እንጨቱን አንዴ ወዘወዘችው፣ ቆመች፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ አንስታ እንደገና ደረደረቻቸው፣ ደግማ ወዘወዘችው። ፊቷ ጫማ እንደጠበበው ሰው ተጨማዷል። ከዚያ ወደ አልጋው ዞር ብላ አየች። ጤናዬ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ ዓይኗን ከደነች፤ በሽፋሽፍቷ ስር ግን ታያለች። ውዳሴ እጆቿን አቀያየረቻቸው። ቀኙ ከላይ ሆነ፣ ግራው ከታች። ጣቶቿን አልቆጠረችም፣ አልደረደረችም። ትከሻዋ ወረደ፣ እንጨቱም በአልጋውና በውኃው ጀሪካን መሃል አንዱንም ሳይነካ ሽው ብሎ አለፈ። ጤናዬ በብርድ ልብሱ ስር ተነቃነቀች። አልጋው ቀጭ ሲል ውዳሴ እጇን ቶሎ ብላ ወደ ቦታው መለሰችው።

«ነቃሽ እንዴ እማዬ?»

«አሁን ገና» አለች ጤናዬ። የዚያን ቀን የመጀመሪያ ውሸቷ ነበር።

ፈተናው ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ነው። የጎልፍ ክለቡ ለሕፃናት ማሠልጠኛው ረዳት የሚሆኑ ሁለት ሴቶች ይፈልጋል፤ ለሁለት ወር ያለማመዳቸው ግን ስድስት ናቸው። ደመወዙ ዘጠኝ ሺህ ብር ነው፣ ምሳና ሰርቪስ አለው። ውዳሴ አሁን ላፍቶ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ከጠዋት እስከ ማታ ቆማ የምታገኘው የዚህን ሲሶ ነው፤ ዲግሪዋ ፕላስቲክ ተለብዶ ቁም ሳጥኑ ላይ ተኝቷል። ሕፃናት ትወዳለች፣ ሕፃናትም ይወዷታል፣ አሠልጣኙ ጋሼ አባይነህም ይህንኑ ነግረዋታል። ያስቸገራት አንድ ነገር ብቻ ነው። ዱላው ኳሱን ሲመታ እጇ ውስጥ ይዞርባታል። አጥብቃ ስትይዘው ክንዷ ይደርቃል፣ ስታላላው ያመልጣታል። «ጫጩት እንደያዝሽ ያዢው፤ እንዳትሞትብሽም፣ እንዳታመልጥሽም» ይሏታል ጋሼ አባይነህ። ሁለት ወር ሙሉ ወይ ጫጩቷን ገድላለች ወይ አምልጣታለች። መዳፏ ውኃ ቋጥሮ፣ ፈርጦ፣ ደግሞ ቋጥሯል። ጤናዬ ማታ ማታ ቫዝሊን ስትቀባላት እጇን እያገላበጠች ታያለች።

ውዳሴ ቁርሷን ቆማ ጎራርሳ ወጣች። ጓንቷ ትናንት ታጥቦ ስላልደረቀ ግቢው ገመድ ላይ ተሰቅሎ ቀረ፤ ሰባት ሰዓት ላይ መጥቼ እወስደዋለሁ አለች። ነጭ፣ ስስ የቆዳ ጓንት ነው፣ የግራ እጅ፣ ክለቡ የሰጣት። አንድ ብቻ። ጤናዬን ለአንድ ወር እንቅልፍ የነሳት ደግሞ ይኸው አንድነቱ ነበር። አከራይዋ እትዬ ማርያም ልብስ ልታሰጣ ወጥታ ጓንቱን በጣቷ ጫፍ ነካ አደረገችው። «ጤንዬ፣ ሁለተኛውን ውሻ በላው እንዴ?» አለችና ሳቀች። ጤናዬም አብራ ሳቀች። ወዲያው ግን የጎልፉን ሜዳ በሐሳቧ አየችው፤ መኪና ያላቸው ሰዎች፣ መነጽር ያደረጉ ሴቶች፣ ሌሎቹ አምስት ልጃገረዶች ሁለት ሁለት ጓንት አጥልቀው፣ የእሷ ልጅ ግን መንገድ ላይ የወደቀ እንዳነሳ ሰው በአንድ እጅ ጓንት። ድሃ መሆኗን ሌላ ምን ሊናገርባት? ውዳሴን ብትጠይቃት «ተዪው እማዬ» እንደምትላት ታውቃለች። ውዳሴ ለምንም ነገር «ተዪው» ነው የምትለው። ስለዚህ አልጠየቀቻትም። ጓንቱን ከገመዱ አወረደች፣ በፌስታል ጠቀለለች፣ በሩን ቆልፋ መቆለፉን ሦስት ጊዜ ፈተሸችና ለቡ የሚሄድ ታክሲ ያዘች። መንገዱን ሙሉ ያስጨነቃት ታክሲው እንዳይገለበጥ ነበር።

ሸጊቱ ለቡ አዲስ ከተሠሩት ፎቆች ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ከጤናዬ ጋር የሚተዋወቁት ድሮ አንድ ግቢ ሲኖሩ ነው። ጓንት ፋብሪካ የማታ ተረኛ ናት፤ ቀን ቀን ደግሞ ቤቷ ባለች የስፌት መኪና ከፋብሪካው በርካሽ የምትገዛውን ቁርጥራጭ ቆዳ እየሰፋች የቁልፍ ማንጠልጠያና የሞባይል ቦርሳ ትሸጣለች። ክፍሏ ማስቲሽና ቆዳ ይሸታል፤ አልጋው ላይ፣ መስኮቱ ላይ፣ የቴሌቪዥኑ ራስ ላይ ሳይቀር ቁርጥራጭ አለ። ጤናዬ የመጣችበትን ስትነግራት ሸጊቱ ጓንቱን ተቀብላ ገለበጠችው፣ በመስኮቱ ብርሃን አየችው፣ በአውራ ጣቷ መዳፉን ሞዠቀችው።

«እኔ ለፈረንጅ የምሰፋው ሁሉ ጥንድ ጥንዱን ነው» አለች ሸጊቱ። «ነጠላ ጓንት አይቼ አላውቅም። ሌላኛው እጅ ምን በደለ?»

«እኔም እሱን ነው የምለው! የሰጧት ሰዎች ሁለተኛውን አስቀርተውባት ይሆናል። ልጄ ደግሞ አፍ የላትም።»

«አፍ የላትም፣ ጉልበት ግን አላት። አየሽ እዚህ ጋ?» ሸጊቱ የመዳፉን ተረከዝ አሳየቻት፤ ቆዳው ተፈትጎ ሊቀደድ ደርሷል። «የምትይዘው ነገር እጇ ውስጥ እየዞረባት ነው። ያልተመቸውን ነገር የያዘ እጅ ነው ቆዳ እንዲህ የሚበላው። በይ ልኬት ንገሪኝ። የሚሠራበት እጅ ሁልጊዜ ወፈር ይላል። ቀኟ ከግራዋ በስንት ይበልጣል?»

ጤናዬ ማታ ማታ ቫዝሊን የቀባቻቸውን እጆች አሰበች። የሚወፍረው ግራው ነው። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ታውቀዋለች።

«እኩል ናቸው» አለች።

ሸጊቱ አንገቷን ነቅንቃ መቀሱን አነሳች። መኪናዋ መንጫጫት ስትጀምር ጤናዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እጆቿን ጭኖቿ መሃል ከተተቻቸው። ውዳሴ አምስት ዓመቷ ነበር። በግራዋ ትጎርሳለች፣ በግራዋ ትጽፋለች፣ እንግዳ ሲመጣ በግራዋ ትዘረጋለች። የባሏ የዳኜ አክስት ከሸዋ መጥታ አንድ ሳምንት ስትቀመጥ፣ ልጅቷ ውኃ በግራዋ ብታቀብላት አልቀበልም ብላ ፊቷን አዞረች። «ይቺን ልጅ ማን ያገባታል? አሳዳጊ የበደላት ይሏታል» አለች። አሳዳጊዋ ጤናዬ ናት። በነጋታው ጤናዬ ከአሮጌ ነጠላ ላይ ጥለቱን ተርትራ የልጇን ግራ እጅ ከወገቧ ጋር አሰረችው። ከመስከረም እስከ ፋሲካ። ጠዋት ታስራታለች፣ ማታ ትፈታታለች፣ ውዳሴ በእንቅልፏ በግራዋ ስትታከክ ያየች ጊዜ ሌሊትም አሰረቻት። ዳኜ አንድ ቀን ብቻ «ተያት ባክሽ፣ ልጅ ናት» አላት፤ ስትመልስለት ደግሞ አላነሳውም። ልጅቷ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥላ ተወች፣ ከዚያ ቀኝ ሆነች። ጤናዬ ለጎረቤት «አስተካከልኳት» እያለች ተናግራለች። ከዓመታት በኋላ በሬዲዮ አንድ ሐኪም ግራኝ ልጅን ማስገደድ ጉዳት አለው ሲል ሰማች፤ ነገሩን ሳይጨርስ ዘጋችው። ቤቷ ውስጥ የዚያ ዓመት ነገር አንድም ቀን ተነስቶ አያውቅም። ውዳሴ ትዝ ይላት እንደሆነ ጤናዬ አታውቅም። ይህም ውሸት ነው፤ ታውቃለች።

ስድስት ሰዓት ላይ ስልኳ ጮኸ። ጤናዬ ስልክ ሲጮህ ሁልጊዜ ሬሳ ነው የሚታያት፤ «ማን ሞተ?» ብላ ነው ያነሳችው።

«ማንም አልሞተም እማዬ። ባለቤትየዋ እስከ ዘጠኝ አትወጪም አለችኝ። ጓንቱን ሜዳው ድረስ ታመጪልኛለሽ? ለዘበኛው ስጪው፣ እኔ እወስደዋለሁ።»

«እኔው አመጣልሻለሁ። አይዞሽ» አለች ጤናዬ። ለዘበኛ የሚሰጥ ነገር አይደለም፤ ሲሰጣት የልጇን ፊት ማየት ትፈልጋለች። ሸጊቱ አዲሱን ጓንት ጨርሳ ጭኗ ላይ አስተኛችው። ቆዳው ትንሽ ጠቆር ይላል እንጂ ስፌቱ ከፈረንጁ አይተናነስም። ለቆዳው ሁለት መቶ ሃምሳ ተቀበለች፣ የእጇን ዋጋ ግን «ልጅቷ ስትቀጠር ታምጣልኝ» ብላ መለሰችላት።

ሜዳው መካኒሳ ወርዶ ትንሽ በእግር ነው። ዘበኛው ቦርሳዋን ፈትሾ፣ ስሟን መዝግቦ፣ «በዛፎቹ ስር ይሂዱ፣ በሣሩ መሃል እንዳይሄዱ፣ ኳስ አለ» አላት። ይህን ከሰማች በኋላ ጤናዬ ቦርሳዋን ራሷ ላይ አድርጋ ነው መንገዱን የጨረሰችው። ሣሩ ከቤቷ ምንጣፍ ይበልጥ ንጹሕ ነበር። ለዚህ ሁሉ የሚጠጣው ውኃ ከየት ይመጣል ብላ አሰበች፤ እነሱ ሰፈር ሀና ማርያም ውኃ ከመጣ ዘጠኝ ቀኑ ነው። መለማመጃው ጋ ቆርቆሮ ጥላ አለ፣ ከጥላው ስር አግዳሚ ወንበር። ስድስቱ ልጃገረዶች ተሰልፈዋል። ጋሼ አባይነህ ቀጭን፣ ጠይም፣ ኮፍያቸው የነጣ ሽማግሌ ናቸው፤ በልጅነታቸው ለፈረንጆች የዱላ ቦርሳ ይሸከሙ ነበር፣ ጨዋታውን የተማሩት በዚያ ነው። አጠገባቸው ከኮሚቴው የመጡት አቶ ሚሳኤል ወረቀት ይዘው ተቀምጠዋል። አግዳሚው ላይ አንዲት መነጽር ያደረገች ወይዘሮ አለች፤ የአንደኛዋ ተፈታኝ የራኬብ እናት ናት። ጤናዬ ሰላም ብላ ጫፉ ላይ ተቀመጠች፤ ከዚያ ውዳሴ ወደ እሷ ስትመጣ ተነሳችና በሰው ሁሉ ፊት ሁለቱንም ጓንቶች ከፌስታሉ አወጣች።

«ይኸው! ሁለተኛውንም አሰፋሁልሽ» አለች። ድምጿ ደስታ ነበረበት።

ውዳሴ ቀጥ ብላ ቀረች። ጤናዬ የልጇን ፊት ትታ ወደ ሰልፉ አየች፤ ያን ጊዜ ነው ያየችው። አምስቱም ልጃገረዶች አንድ አንድ ጓንት ነው ያደረጉት። አምስቱም በግራ እጃቸው። ከመካከላቸው አንዷም ሁለት የላትም።

«እማማ፣ ለክረምት ነው?» አለች ራኬብ፤ ክፋት የላትም፣ የተናገረችው ልጃገረዶቹን ለማሳቅ ነው። ሳቁ። መነጽር ያደረገችው ወይዘሮ አልሳቀችም፤ እንዳላየ ፊቷን ዞር አደረገችላት፣ ይህ የባሰ ነበር።

ጋሼ አባይነህ ቀረብ ብለው አዲሱን ጓንት ከጤናዬ እጅ ወሰዱት። ገለበጡት፣ ስፌቱን አዩ። «ማን ነው የሰፋው? እጁ ይባረክ» አሉ። ከዚያ ሳቅ አሉ። «እናቴ፣ ጓንት የሚደረገው ከላይ በሚይዘው እጅ ብቻ ነው። ቀኝ የሆነ ሰው ግራውን ያለብሳል። ቀኙን የሚያለብሰው ግራኝ ነው። ይሄ የግራኝ ጓንት ነው።» ሊመልሱላት ዘረጉና እጃቸው መንገድ ላይ ቆመ። ውዳሴን አዩዋት፤ መዳፏን፣ ከዚያ ፊቷን። ሳቃቸው ጠፋ። «ውዳሴ፣ ግራኝ ነሽ እንዴ?»

ውዳሴ እናቷን አየች። የቁጣ አስተያየት አልነበረም። ሕፃን ልጅ አስፋልት ከመሻገሩ በፊት ወደ ትልቅ ሰው ቀና ብሎ እንደሚያየው ያለ ነበር። ጤናዬ አፏን ልትከፍት ነበር። ግን ልጃገረዶቹ እያዩ ነው፣ ወይዘሮዋ መነጽሯን አውልቃ እያየች ነው፣ አቶ ሚሳኤልም እስክሪብቷቸውን አንስተው እያዩ ነው። ምን ብላ ትጀምራለች? አሁን በጓንት የሳቁባት ሰዎች ናቸው። ፈተናው ካለቀ በኋላ ለብቻቸው እነግራቸዋለሁ አለች በሆዷ፤ ደግሞ ማን ያውቃል፣ እግዚአብሔር ከረዳት በቀኟም ይሆንላታል።

«አይደለሁም ጋሼ» አለች ውዳሴ።

ጋሼ አባይነህ አዲሱን ጓንት አግዳሚው ላይ አስቀመጡት፤ ጤናዬ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች።

ለእያንዳንዷ ሦስት ሦስት ኳስ ነው። ራኬብ የመጀመሪያዋ ነበረች፤ ሦስቱንም መታች፣ አንዱ ትንሽ ጠመመ እንጂ ጥሩ ነው አሉ። ሁለተኛዋ ሁለቱን መታች። ሦስተኛዋ ሳቀች፣ ሳተች፣ እንደገና ሳቀች። አራተኛዋ ውዳሴ ናት። ነጩን ጓንት በግራዋ አጠለቀች፣ ዱላውን ያዘች፣ ጣቶቿን ደረደረች። ጤናዬ ከወንበሩ ሆና አብራት ደረደረች፤ ግራ ከላይ፣ ቀኝ ከታች፣ ትንሿ ጣት መሃል። ዱላው ወረደ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ኳሱ እንደ ድንች እየተንከባለለ አጥሩ ስር ገባ። አቶ ሚሳኤል ጻፉ። «ጫጩቷን፣ ውዳሴ፣ ጫጩቷን» አሉ ጋሼ አባይነህ ቀስ ብለው። ውዳሴ መዳፏን በሱሪዋ ጠረገች። ጤናዬ ተናገሪ አለች ራሷን። አሁን ተናገሪ፣ ሁለት ይቀራታል። ወይዘሮዋ ግን በዚያ ቅጽበት ሶፍት አውጥታ «ይሞቃል አይደል?» ስላለቻት ጤናዬ «አዎ፣ በጣም» ብላ ሶፍቱን ተቀበለች። ሁለተኛውን ኳስ በዚያ አሳለፈችው። ስታይ ዱላው ከልጇ እጅ አምልጦ ሦስት እርምጃ ርቆ ሣሩ ላይ ተጋድሟል። ኳሱ ካለበት አልተነቃነቀም። ማንም አልሳቀም። ውዳሴ ዱላውን ልታነሳ ስትጎነበስ ግራ እጇን ቀድማ ዘረጋች፣ መልሳ ሰበሰበችው፣ በቀኟ አነሳችው።

«ግራኝ ናት!» አለች ጤናዬ። ተነስታ መቆሟን ያወቀችው ቦርሳዋ ሲወድቅ ነው። «ዋሽታ ነው። ለእኔ ብላ ነው። ስትወለድ ግራኝ ናት። እኔ ነኝ እጇን ያሰርኩት። አምስት ዓመቷ እያለ፣ ከወገቧ ጋር፣ በነጠላ ጥለት አስሬ... ከመስከረም እስከ ፋሲካ። በሌሊት ሳይቀር።» የመጨረሻውን ማንም አልጠየቃትም ነበር። አንዴ ከወጣ በኋላ ግን የምታስቀረው ነገር አልነበራትም።

ጋሼ አባይነህ ወደ ዕቃ ቤቱ ሄዱ፤ የተቆለፈ ሳጥን ሲከፈት፣ ብረት ከብረት ሲጋጭ ተሰማ። ተመልሰው ሲመጡ አንድ የቆየ ዱላ ይዘዋል፤ ብረቱ ዝጓል፣ ፊቱ ከሌሎቹ በተቃራኒ ዞሯል። አንድ ግራኝ ፈረንጅ ሲሄድ ትቶት የሄደ ነው አሉ። አዲሱን ጓንት ከአግዳሚው አንስተው ለውዳሴ ሰጧት። ውዳሴ ቀኟን አለበሰች። በኳሱ በሌላው ወገን ዞራ ቆመች፣ ዱላውን ያዘች። ጣቶቿን አልቆጠረችም። ጋሼ አባይነህ ሊያስተካክሉላት ጎንበስ ብለው አዩና የሚያስተካክሉት ነገር ስላጡ ቀና አሉ። ውዳሴ መታችው። ድምፁ እንጨት ሲፈለጥ ያለ ንጹሕ ድምፅ ነበር። ኳሱ ከባሕር ዛፎቹ በላይ ወጣ፣ ቆየ፣ ከሩቁ ባንዲራ ባሻገር ወረደ። ከልጃገረዶቹ አንዷ «ወይኔ!» አለች። ውዳሴ ዱላውን ከትከሻዋ ላይ ሳታወርድ ኳሱ የወረደበትን እያየች ቆማ ቀረች።

«ሦስት ኳስ ለሁሉም እኩል ነው» አሉ አቶ ሚሳኤል፤ ክፉ ሰው አይደሉም፣ ወረቀታቸውን እንጂ ሰው ማየት አልፈለጉም። የቀሩት ሁለቱ ልጃገረዶች ሲሞክሩ ሳቱ፤ በመጨረሻ ራኬብና ሁለተኛዋ ልጅ አለፉ። ውዳሴ ሦስተኛ ወጣች። ጋሼ አባይነህ ዱላውን እቤት ወስዳ እንድትለማመድበት ሰጧት፤ ክለቡ ከገና በኋላ እንደገና ይቀጥራል፣ ለግራኞቹ ሕፃናት ሰው የለኝም አሉ። ከዚያ ጤናዬን ሸኟት፤ ዛፉ ስር ሲደርሱ ቆሙ።

«ስጠይቃት ነበር መናገር፣ እናቴ» አሉ። «ሦስቱም ኳስ የሷ ነበር።»

ጤናዬ እስከ በሩ ድረስ ቦርሳዋን ራሷ ላይ ማድረግም አላስታወሰችም።

የላፍቶውን ታክሲ ለመያዝ ብዙ ተሰለፉ። ከኋላ ወንበር አገኙ፤ ውዳሴ በመስኮቱ በኩል፣ ዱላውን ጉልበቷ መሃል አቁማ። ሰው ሁሉ ዱላውን ያያል፤ አንድ ሰውዬ «ይሄ ለሌባ ነው?» ብሎ ቀለደ። ጤናዬ ከሜዳው ጀምራ አንድ ነገር ለመናገር እየፈለገች ነበር፤ ይቅርታ የሚለው ቃል አፏ ውስጥ ትልቅ ሆነባት። በመጨረሻ የጠየቀችው ሌላ ነገር ነው።

«ለምን 'አይደለሁም' አልሻቸው?»

«አንቺ ቆመሽ ነበራ» አለች ውዳሴ ወደ ውጭ እያየች።

«ትዝ ይልሻል እንዴ?»

ታክሲው ፌርማታ ላይ አንድ ሰው አወረደ፣ አንድ ጫነ። «ከላይ የምታለብሺኝ ሹራብ ቢጫ ነበር» አለች ውዳሴ። «ሲሞቀኝ እንኳ አታወልቂልኝም ነበር፣ ሰው እንዳያይ።»

ጤናዬ ሹራቡን ረስታው ነበር። የረሳችው ብቸኛ ነገር እሱ ነው። ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ አላለቀሰችም፣ ለማልቀስም አፈረች።

ረዳቱ «ከኋላ፣ ሂሳብ!» አለ። ጢሙ የሸበተ፣ ድካም የተጫነው ሰው ነው። ውዳሴ ዱላውን በቀኟ ደግፋ የሁለቱን ሂሳብ በግራዋ ዘረጋችለት። ሰውዬው እጁን ሰበሰበ።

«በቀኝሽ ስጪ እንጂ! ቀኑን ሙሉ ገበያ የለም፣ አንቺ ደግሞ በግራ! አሳዳጊ የለሽም?»

ውዳሴ ብሩን ወደ ቀኟ ልታዛውር ዱላውን ለቀቀች። ጤናዬ ሳታስበው ተስፈንጥራ የልጇን ቀኝ እጅ ያዘችው፣ ጉልበቷ ላይ ተጫነችው። «በግራሽ ስጪው!» አለች። «አሳዳጊ አላት፣ አሳዳጊዋ እኔ ነኝ። ግራኝ ናት። ትቀበላለህ ወይስ በነጻ ታደርሰናለህ?» ታክሲው ውስጥ ያሉት ዞሩ። አንዲት አሮጊት «ተቀበላት ልጄ፣ ብሩ ግራ ቀኝ አያውቅም» አለች፣ ሌሎቹ ሳቁ። ጤናዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጇን ደፍራ አየቻት። ውዳሴ ግን ረዳቱንም አሮጊቷንም አልነበረም የምታየው። ጉልበቷ ላይ ያለውን ነገር ነው፤ የእናቷን ጣቶች፣ አንጓዋን ዙሪያውን የጠፈሩትን፣ ጥፍራቸው እስኪነጣ ድረስ የጨበጡትን።

«እማዬ» አለች ቀስ ብላ። «ልቀቂኝ።»

ጤናዬ ለቀቀቻት። እጇን ምን ላይ እንደምታደርገው ስላጣች ጭኗ ላይ ዘርግታ አስቀመጠችው። የውዳሴ ሁለቱም እጆች ነጻ ሆኑ። ረዳቱ እጁን እንደዘረጋ ይጠብቃል፣ ሰውም ይጠብቃል። ውዳሴ ብሩን አየችው፣ ሁለቱንም እጆቿን አየች፣ ከዚያ በግራዋ ሰጠችው።